አንጀቱ ተንቀሳቀሰ፣ ታካሚው ግን አልተሻለውም፦ በሲድኒ የተካሄደ የነርቭ ማነቃቂያ ሙከራ

በአውስትራሊያዋ ሲድኒ ከተማ በሚገኘው ሴንት ጆርጅ ሆስፒታል፣ ከኦገስት 2006 እስከ ሜይ 2012 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሥር በሰደደ የሆድ ድርቀት የሚሠቃዩ 234 ሰዎች ተመርምረዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከመካከላቸው መስፈርቱን ያሟሉና ፈቃደኛ የሆኑ 59 ሰዎች በአንድ ሙከራ ተካተቱ። ከ59ኙ ለ55ቱ ከወገብ በታች ባለው አጥንት ቀዳዳ በኩል ቀጭን ሽቦ ገብቶላቸው፣ ባትሪ ያለው ትንሽ መሣሪያም ከመቀመጫቸው ከፍ ብሎ ከቆዳ ሥር ተተከለላቸው። መሣሪያው ለነርቭ ያለማቋረጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ምት እየላከ፣ ሰነፍ የሆነውን አንጀት ያነቃዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

ውጤቱ በ2015 ሲታተም ብዙዎች የጠበቁትን አልተናገረም። ይህን ጉዳይ መርጬ በዝርዝር የምጽፍበት ምክንያት ሕክምናው አለመሥራቱ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት «ይሠራል» ብለው ያመኑት ሐኪሞችም ሆኑ «ተሻለኝ» ያሉት ታካሚዎች አልዋሹም፤ ያዩትንና የተሰማቸውን ነበር የተናገሩት። በቅን ልቡና የታየ መሻሻል ከመሣሪያው ያልመጣ ሊሆን እንደሚችል እንደዚህ ገልጦ የሚያሳይ ሌላ ጉዳይ በዚህ የሕክምና ዘርፍ አላውቅም።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ። በእኛ ዘንድ የሆድ ድርቀት ሲባል ፈጥኖ ወደ አእምሮ የሚመጣው ጥቂት ቀን ቆይቶ የሚያልፍ፣ ተልባ ተበጥብጦ ሲጠጣ፣ ውኃ ሲበዛና ሰውነት ሲፍታታ የሚለቅ ችግር ነው። ለአብዛኛው ሰው በእርግጥም እንዲሁ ነው። በሲድኒው ሙከራ የተካተቱት ሰዎች ግን ከዚህ ደረጃ አልፈው የሄዱ ነበሩ። የእነርሱ ችግር የትልቁ አንጀት፣ በቀድሞው አጠራር የደንዳኔው፣ ከመጠን በላይ መዘግየት ነው። በጤናማ ሰው ትልቁ አንጀት የገባለትን ነገር በአማካይ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ሲያሳልፍ፣ በእነዚህ ሰዎች ሆድ ውስጥ ግን ሰገራው ለብዙ ቀናት ይቀመጣል፤ በቆየ ቁጥር ውኃው እየተመጠጠ ይደርቃል፣ ሆድ ይነፋል፣ ምግብ ይጠላል። የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል፤ ኤኒማ፣ ማለትም በፊንጢጣ ፈሳሽ አስገብቶ ሰገራን ማውጣት፣ የሳምንቱ መደበኛ ሥራ ይሆናል። እንደ ተልባ ያለው ቃጫ የበዛበት ምግብም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ብዙ ጊዜ መንፋቱን ከማባባስ በቀር አይጠቅመውም፤ ይህን የማያውቅ ዘመድ «ለምን አትክልት አትበላም?» እያለ ሲመክረው፣ ሕመምተኛው በሕመሙ ላይ ወቀሳ ይደረብበታል። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ጉዳዩን ለሰው ለመናገር ስለሚያፍሩም ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት ከዓመታት በኋላ ነው።

መዘግየቱ በግምት አይነገርም፤ ይለካል። በኤክስሬይ የሚታዩ ጥቃቅን ምልክቶችን የያዘ እንክብል ይዋጥና ከቀናት በኋላ ስንቶቹ በሆድ ውስጥ እንደቀሩ ይቆጠራል፤ ወይም አነስተኛ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ይሰጥና ጉዞው በልዩ ካሜራ ይታያል። መዘግየቱ ተረጋግጦ፣ መድኃኒቱም ሁሉ ተሞክሮ ለውጥ ከጠፋ፣ በቀድሞው ሥርዓት የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ቀዶ ሐኪም አርበትኖት ሌን፣ ለሆድ ድርቀት ሲሉ ትልቁን አንጀት ቆርጠው እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። ይህ ቀዶ ሕክምና በተሻሻለ መልኩ ዛሬም በጣም ለከፋ ሁኔታ ይሠራል፤ ትልቁ አንጀት ይወጣና ትንሹ አንጀት ከፊንጢጣ በላይ ካለው ክፍል ጋር ይሰፋል። የተቆረጠ አንጀት ግን አይመለስም፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተቅማጥ፣ የአንጀት መጣበቅና መታጠፍ የሚገጥማቸው አሉ። ስለዚህ «አንጀትሽን ከመቁረጥ በፊት፣ ካልተስማማሽ ልናወጣው የምንችል ሽቦ እንሞክር» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ ለሐኪሙም ለታካሚዋም ትልቅ ተስፋ መሆኑ ሊያስደንቅ አይገባም።

ሐሳቡ ከየት መጣ? መነሻው አንጀት ሳይሆን የሽንት ፊኛ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኤሚል ታናጎና ሪቻርድ ሽሚት በ1980ዎቹ ከወገብ በታች በሚወጡት ነርቮች ላይ ኤሌክትሪክ በመላክ የፊኛን ሥራ መቆጣጠር እንደሚቻል አሳዩ። ነርቮቹ የሚወጡት ሳክረም በተባለው፣ ከወገብ አከርካሪ በታችና ከጅራት አጥንት በላይ ባለው ሦስት ማዕዘን አጥንት ቀዳዳዎች ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሕክምናውን ለሽንት ማምለጥ በ1997 ፈቀደ። በ1995 ደግሞ በጀርመን ኤርላንገን የሚሠሩት ክላውስ ማትዘልና ባልደረቦቻቸው ሰገራ ለሚያመልጣቸው ሦስት ታካሚዎች ተጠቅመውበት የተሳካ ውጤት አሳተሙ፤ ለዚህም ችግር በአሜሪካ በ2011 ተፈቀደ። በመካከሉ ለፊኛቸው ሲሉ መሣሪያውን ያስተከሉ አንዳንድ ሰዎች፣ ሳይጠየቁ፣ «ሆዴም እንደ ወትሮው አይደለም፣ ቶሎ ቶሎ እቀመጣለሁ» (ሰገራ ይወጣልኛል ማለታቸው ነው) ማለት ጀመሩ።

ሰገራ ለሚያመልጠው ሰው የሚይዝለት መሣሪያ እንዴት ለደረቀበት ሰው ሊያስለቅቅለት ይችላል የሚል ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ነው። ከሳክረም ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ቀዳዳዎች የሚወጡት ነርቮች ወደ ፊኛ፣ ወደ ፊንጢጣና ወደ ትልቁ አንጀት የግራ ክፍል ትእዛዝ ይወስዳሉ፤ ከዚያም ስሜት ይዘው ወደ ሕብለ ሰረሰር ይመለሳሉ። መሣሪያው የሚልከው ምት ጡንቻን በግድ ለማኮማተር የማይበቃ ደካማ ስለሆነ፣ ሥራውን የሚሠራው በዋናነት ስሜት በሚመልሱት ነርቮች በኩል፣ በሕብለ ሰረሰርና በአንጎል ያለውን ቅንጅት በማስተካከል ነው ተብሎ ይታሰባል። በዚህ አስተሳሰብ ከሄድን አንዱ መሣሪያ በሁለት ተቃራኒ ችግሮች ላይ መሥራቱ የማይቻል ነገር አይደለም። የሚቻል መሆኑ ግን ሆኗል ማለት አይደለም።

በ2002 በለንደኑ ሴንት ማርክስ ሆስፒታል አንድ ትንሽ ነገር ግን ጥንቁቅ ሙከራ ታተመ። መሣሪያው የተተከለላቸው ሁለት ታካሚዎች ብቻ ነበሩ፤ መሣሪያው ሲበራና ሲጠፋ ታካሚዎቹም መዛኙም አያውቁም። ሲጠፋ ድርቀቱ ተመለሰ፣ ሲበራ ቀለለ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ማይክል ካምና ባልደረቦቻቸው በአውሮፓ ማዕከላት በ62 ታካሚዎች ላይ የሠሩትን አሳተሙ። ከ62ቱ 45ቱ መጀመሪያ ለሙከራ በገባላቸው ጊዜያዊ ሽቦ ስለተሻላቸው ዘላቂው መሣሪያ ተተከለላቸው፤ ከ45ቱም 39ኙ ማለትም 87 በመቶው ተሳክቶላቸዋል ተባለ። በሳምንት 2.3 ጊዜ የነበረው መቀመጥ ወደ 6.6 ጊዜ ከፍ ብሎ ነበር። የክትትሉም ጊዜ መካከለኛ መጠን 28 ወር ነበር።

ይህ 87 በመቶ በየጉባኤው ሲጠቀስ ኖሯል፤ ስለዚህ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ አካፋዩ 45 እንጂ 62 አይደለም፤ ሕክምናውን ከጀመሩት ሁሉ ከተሰላ 39 ለ62፣ ወደ 63 በመቶ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ «ተሳካ» ለመባል ከሦስት በሮች በአንዱ መግባት ይበቃ ነበር፦ በሳምንት ሁለት ወይም ከዚያ በታች የነበረው ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን፣ ወይም ማማጥ ያለበት መቀመጥ በግማሽ ቢቀንስ፣ ወይም «አልወጣልኝም» የሚለው ስሜት በግማሽ ቢቀንስ። በር በበዛ ቁጥር የሚገባው ሰው ይበዛል። ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ ንጽጽር አልነበረውም፤ ሁሉም መሣሪያቸው በርቶ እንደሆነ ያውቃሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን አልሸሸጉም፤ የሥራውን ዓይነት በግልጽ ጽፈውታል። ገደቡ ተረስቶ የቀረው ቁጥሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ነው።

ሲድኒዎቹ ወደዚህ ጉዳይ የገቡት በተስፋ ነበር። ፊል ዲኒንግ የአንጀትን እንቅስቃሴ በመለካት የታወቁ ተመራማሪ ናቸው፤ ዴቪድ ሉቦውስኪ ደግሞ የትልቁ አንጀት ቀዶ ሐኪም። በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በምርመራ የተረጋገጠ መዘግየት ባለባቸው 8 ታካሚዎች ትልቁ አንጀት ውስጥ ብዙ የግፊት መለኪያ ነጥቦች ያሉት ቀጭን ቱቦ ዘርግተው፣ ነርቩ ሲነቃቃ የሚሆነውን መዘገቡ። በሦስተኛው ቀዳዳ በኩል ነርቩ ሲነቃቃ ከአንጀቱ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው የሚጓዘው የመኮማተር ማዕበል በግልጽ ጨመረ። በሁለተኛው ቀዳዳ ሲሆን ግን የጨመረው ወደ ኋላ የሚመለሰው ማዕበል ነበር። በሦስት ሳምንት የቤት ሙከራም ከ8ቱ 6ቱ ቶሎ ቶሎ መቀመጣቸውን ተናገሩ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መውሰዳቸውም ቀነሰ።

እንግዲህ በእጃቸው ያለውን እናስብ። ማሽኑ አንጀቱ መንቀሳቀሱን ይመሰክራል፤ ታካሚው መሻሻሉን ይመሰክራል፤ ከአውሮፓም ጥሩ ዜና እየመጣ ነው። እዚህ ላይ ቆመው መሣሪያውን ለሁሉም መትከል ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ያገኙትን የሚፈትን ሙከራ አዘጋጁ፤ በዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ በጣም የማከብረው ውሳኔ ይህ ነው።

መሣሪያው እንዴት እንደሚተከል ቀርቦ ማየት፣ በታካሚው ልብ ውስጥ የሚያሳድረውን እምነት ለመረዳት ይጠቅማል። ታካሚው በሆዱ ይተኛል፤ መቀመጫውና እግሮቹ እንዲታዩ ይደረጋል። ሐኪሙ በኤክስሬይ እየታገዘ ረጅም መርፌ በሳክረም አጥንት ቀዳዳ ውስጥ ያስገባና ለአፍታ ጠንከር ያለ ምት ይልካል። በዚያ ሰዓት የክፍሉ ሰው ሁሉ የሚያየው የእግርን ጣት ነው። የፊንጢጣ ዙሪያ ጡንቻ ወደ ውስጥ ሰብሰብ ሲልና አውራ ጣቱ ወደ ታች እጥፍ ሲል መርፌው ትክክለኛው ሦስተኛ ነርቭ አጠገብ ደርሷል ማለት ነው። እግሩ በሙሉ ከዞረ መርፌው አንድ ቀዳዳ ወደ ላይ ሄዷል፤ ጣቱ ሳይነቃነቅ ፊንጢጣው ብቻ ከተሰበሰበ ደግሞ አንድ ቀዳዳ ወደ ታች ወርዷል። ከዚያ በመርፌው ፈንታ ሽቦው ይገባል። ታካሚው ነቅቶ መሣሪያው ሲስተካከል፣ በፊንጢጣና በብልት አካባቢ ቀስ ያለ መንዘር ወይም መነካካት ይሰማዋል፤ በእጁም ኃይሉን ከፍ ዝቅ የሚያደርግበት መቆጣጠሪያ ይሰጠዋል። ለዓመታት «በጭንቀት ነው፣ በአመጋገብ ነው» ሲባል ለኖረ ሰው፣ ነርቩ ተፈልጎ ተገኝቶ፣ በውስጡ የሚንዘር ነገር ሲሰማው ምን ያህል እንደሚያምን መገመት አያስቸግርም። ሕክምናው ይሥራ አይሥራ ከመታወቁ በፊት ይህ ራሱ ትልቅ ኃይል አለው።

የሙከራው አቀራረጽ ይህን ኃይል ከመሣሪያው ኃይል ለመለየት የታሰበ ነበር። መጀመሪያ ጊዜያዊ ሽቦ ለሦስት ሳምንት ተሞከረ። ዘላቂው መሣሪያ ከተተከለ በኋላ እያንዳንዱ ታካሚ በዕጣ በወጣው ቅደም ተከተል በተለያዩ ወቅቶች አለፈ፤ እያንዳንዱ ወቅት ሦስት ሳምንት ነው፣ በየመካከሉም የቀደመው ውጤት እንዲጠፋ ሁለት ሳምንት ይታለፋል። በአንዱ ምዕራፍ መሣሪያው ታካሚው በማይሰማው ዝቅተኛ ኃይል ይሠራል ወይም ሠራ ተብሎ ጠፍቶ ይቆያል፤ በሌላው ምዕራፍ በሚሰማው ኃይል ይሠራል ወይም እንዲሁ ጠፍቶ ይቆያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የሚነጻጸረው ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ነው፤ ያው ሆድ፣ ያው አመጋገብ፣ ያው ጠባሳ፣ ያው በቆዳ ሥር የተቀበረ ባትሪ። የሚለየው መብራቱና መጥፋቱ ብቻ ነው።

የስኬቱም መስፈርት ጥብቅ ነበር፤ ከሦስቱ ሳምንታት ቢያንስ በሁለቱ፣ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ፣ ሙሉ በሙሉ የወጣ ስሜት ያለው መቀመጥ መኖር አለበት። ይህ መስፈርት ተገቢ ይመስለኛል፤ ሥር የሰደደ ድርቀት ያለበትን ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያስጨንቀው ስንት ጊዜ መጸዳጃ ቤት እንደገባ ሳይሆን «ወጣልኝ» ብሎ መነሣት አለመቻሉ ነውና። በቀን አምስት ጊዜ ተቀምጦ አምስቱንም ጊዜ እንደ ጠጠር ያለ ትንሽ ነገር ብቻ የሚያወጣ ሰው፣ በቁጥር ሲታይ የዳነ ይመስላል።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። በማይሰማው ኃይል ሲነቃቁ መስፈርቱን ያሟሉት 25 በመቶ፣ መሣሪያው ጠፍቶ ሳለም 25 በመቶ። በሚሰማው ኃይል ሲነቃቁ 30 በመቶ፣ ጠፍቶ ሳለ 21 በመቶ፤ ይህም ልዩነት በአጋጣሚ ሊፈጠር ከሚችለው በላይ አልነበረም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በሚሰማው ኃይል ጊዜ ታካሚው መንዘሩን ስለሚያውቅ መሣሪያው መብራቱን የመገመት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ይህም ሚዛኑን ለመሣሪያው ጥቅም የሚያዘነብል ነበር። ያም ሆኖ መሣሪያው አላሸነፈም።

ሁሉንም ቁጥሮች ደግሜ ሳይ ዓይኔ የሚያርፈው በጠፋው መሣሪያ ላይ ነው። ለዓመታት ምንም ያልሠራላቸው፣ መስፈርት ተጣርቶላቸው የገቡ ሰዎች፣ መሣሪያቸው ጠፍቶ ሳለ ከአራትና ከአምስት አንዱ ጥብቁን መስፈርት አሟልተዋል። ይህ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ተስፋና እንክብካቤ ነው፤ ለዓመታት የሚያደምጠው ያጣ ሰው በየጊዜው የሚጠይቀው፣ መዝገቡን የሚያይለት፣ ስልኩን የሚያነሣለት ቡድን አገኘ። ሌላው ምንጭ ሕመሙ ራሱ ነው። ሥር የሰደደ ሕመም እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰው ደግሞ ቀዶ ሕክምናን እስከ መቀበል የሚደርሰው በከፋው ሰዓት ነው። ከከፋው ሰዓት በኋላ፣ ምንም ባይደረግም እንኳ፣ በአማካይ ወደ ተለመደው ደረጃ መመለስ አለ። ሦስተኛው ምንጭ የዕለት መዝገቡ ነው። በየቀኑ የተቀመጠበትን ሰዓት፣ ያማጠበትን፣ የወሰደውን መድኃኒት የሚጽፍ ሰው ከቁርስ በኋላ ሳይቸኩል መቀመጥን፣ ስሜቱ ሲመጣ አለማሳለፍን ሳያውቀው ይለምዳል። ንጽጽር በሌለው ጥናት ይህ ሁሉ በአንድነት ተጠቅልሎ የመሣሪያው ሥራ ተብሎ ይመዘገባል።

ታዲያ በ2007 በቱቦው የታየው ማዕበልስ? እርሱ ሐሰት አልነበረም። ከዋናው ሙከራ ጎን ለጎን በ2012 የታተመው የዚሁ ቡድን ሌላ ጥናትም፣ በሚሰማው ኃይል ሲነቃቃ በትልቁ አንጀት የሚጓዘው ማዕበል መጨመሩን እንደገና አሳይቷል። ስለዚህ አንጀቱ መልስ ሰጥቷል፤ መልሱ ግን የታካሚውን ሕይወት ለመለወጥ አልበቃም። ከማዕበሉ መጨመር እስከ እፎይታው ድረስ ብዙ በሮች አሉ፦ ማዕበሉ በቂ ጉልበት ሊኖረው፣ ከወራት በኋላም ሊቀጥል፣ በፊንጢጣ ያለው ስሜት ሊነቃ፣ የዳሌው ወለል ጡንቻ በትክክለኛው ሰዓት ሊላላ ይገባል። አንዱ በር ተከፍቶ ሌሎቹ ዝግ ሊቀሩ ይችላሉ። በሕክምና ምርምር ውስጥ የሚለካው ነገርና ታካሚው የሚፈልገው ነገር አንድ እንደሆኑ አድርጎ ማሰብ እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው፤ እኔም የ2007ቱን ጽሑፍ ብቻ ያነበበ ሰው ቢያምን አልፈርድበትም።

አንዳንዶች ሦስት ሳምንት አጭር ነው፣ ነርቭ ለመለመድ ጊዜ ይፈልጋል ብለው ተከራክረዋል። መከራከሪያው ሚዛናዊ ነው፤ መልሱ ግን ከራሱ ከሲድኒ መጣ። ከታካሚዎቹ 53ቱ መሣሪያቸው እየሠራ ለረጅም ጊዜ ክትትል ተደረገላቸው፣ ውጤቱም በ2016 ታተመ። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ መስፈርቱን ያሟሉት 10፣ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 3 ነበሩ። 44ቱ ባለመርካት ወይም በከባድ የጎንዮሽ ችግር ምክንያት ከክትትሉ ወጥተዋል። በባትሪው ቦታ የሚሰማ ሕመም፣ የቁስል መመርቀዝና የሽንት ችግር ከተመዘገቡት ጉዳቶች ዋነኞቹ ናቸው፤ ይህ የሆነው በተለይ ለሕይወት በማያሰጋ ነገር ግን ሕይወትን በሚያመርር ሕመም የሚሠቃዩ፣ ተጨማሪ ሕመም ለመሸከም አቅም በሌላቸው ሰዎች ላይ መሆኑ ያሳዝነኛል።

አንድ ሆስፒታል ብቻውን ተሳስቶ ይሆናል ለሚል ሰው የፈረንሳዩ ሙከራ አለ። በ2017 የታተመው ይህ ሥራ ከሲድኒው በተለየ ሁኔታ መሣሪያውን ይበልጥ የሚደግፍ አቀራረጽ ነበረው፤ ከ36 ታካሚዎች በጊዜያዊው ሽቦ የተሻላቸው 20ዎቹ ብቻ ተመርጠው ዘላቂው ተተከለላቸው። ከዚያ ሳይታወቅ ሲበራና ሲጠፋ፣ በርቶ ሳለ ከ20ው 12ቱ፣ ጠፍቶ ሳለ ከ20ው 11ዱ ተሻላቸው። አስቀድሞ «ይጠቅማቸዋል» ተብለው በተመረጡት ሰዎች መካከል የታየው ልዩነት አንድ ሰው ነው። የጊዜያዊው ሽቦ ፈተና ማን እንደሚጠቀም ይለያል የሚለው እምነትም ከዚሁ ጋር አብሮ ተናጋ።

ከዚህ ተነሥቶ የነርቭ ማነቃቂያ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። ሰገራ ለሚያመልጣቸው ሰዎች ያው መሣሪያ ተቀባይነት ያለው ሕክምና ሆኖ ቀጥሏል፤ ጉዳዩም ተለይቶ መታየት አለበት። ለድርቀትም ቢሆን ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሞከሩ መንገዶች አሉ። በሜልበርን የሕፃናት ሆስፒታል በሆድና በጀርባ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የተደረገው ሙከራ በ2005 ሲታተም፣ ከ8 ልጆች በ7ቱ ልብስ ላይ የሚያመልጠው ሰገራ ቆሞ ነበር፤ ከዚያም የማስመሰያ ንጽጽር ያለው ጥናት ተከተለ። ዘዴው ቢያንስ ቆዳ አይቆርጥም። ነገር ግን በ2016 ማስረጃውን የመረመሩት፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ገምጋሚዎች ለልጆች መስፈርቱን የሚያሟላ ያገኙት አንድ ጥናት ብቻ፣ በእርሱም ውስጥ 46 ልጆች ነበሩ፤ ማስረጃው በጣም ደካማ ነው ብለውም ደመደሙ። ከቁርጭምጭሚት በላይ በቀጭን መርፌ የሚሰጠው የእግር ነርቭ ማነቃቂያም እንዲሁ ለድርቀት ገና በጥናት ላይ ያለ ነው።

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ወገናችን፣ ለእናቱም ሆነ ለራሱ፣ ይህ መሣሪያ ለሆድ ድርቀት ቢቀርብለት ጥቂት ነገሮችን ማወቁ ይጠቅመዋል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መሣሪያውን የፈቀደው ለፊኛ ችግሮችና ለሰገራ ማምለጥ እንጂ ለሆድ ድርቀት አይደለም። «ከእናንተ ዘንድ ስንቱ ተሻለው?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ ስንቱ ተሻለው?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይገልጣል። ከመተከሉ በፊትም የአንጀቱ መዘግየት ብቻ ሳይሆን የዳሌው ወለል ጡንቻ አሠራር መመርመር አለበት፤ ሲያምጡ መላላት ሲገባው የሚጠብብ ጡንቻ ያላቸው ሰዎች ባዮፊድባክ በተባለው ሥልጠና፣ ያለ ሽቦና ያለ ቢላ፣ በርግጥ ሊረዱ ይችላሉና። ይህ ምርመራ ተዘልሎ በቀጥታ ወደ መሣሪያው መሄድ ለታካሚው ደግነት አይሆንም።

በመጨረሻ የሚቀሩት ሦስቱ ናቸው፤ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ መስፈርቱን ያሟሉት። ተመራማሪዎቹ እነርሱን ከቁጥር አላወጧቸውም፣ እኔም ልዘልላቸው አልፈልግም። ምናልባት በእነርሱ ላይ መሣሪያው በእውነት ሠርቷል፤ ምናልባትም ሕመማቸው በራሱ ጊዜ ቀልሎ ነበር። ከውስጥ ሆኖ ሁለቱን መለየት ለታካሚዋ አይቻላትም፤ የተሻለው ሆድ በሁለቱም መንገድ አንድ ዓይነት ነውና። ባትሪው ከዓመታት በኋላ ሲያልቅ ግን ሐኪሙ እንደገና ቆዳ ከፍቶ አዲስ ይተክል ወይስ አይተክል የሚል ውሳኔ ይጠብቀዋል። ከዚያ በፊት ፈቃዷን ጠይቆ፣ ቀኑን ሳይነግራት፣ ለጥቂት ሳምንታት መሣሪያውን አጥፍቶ መዝገቧን ማየት ይችላል።